የተተከለ ኩላሊትና ኢንተርኔት

የኩላሊት ንቅለ ተከላ የተደረገለት ሰው ከሆስፒታል ሲወጣ ሕክምናው የተጠናቀቀ ይመስለናል። ለእርሱ ግን አዲስ ሥርዓት ገና መጀመሩ ነው። ሰውነቱ የተተከለውን ኩላሊት እንደ ባዕድ ቆጥሮ እንዳያጠቃ፣ የበሽታ መከላከያ ኃይሉን የሚገታ መድኃኒት ኩላሊቱ እስከሠራ ድረስ ሳያቋርጥ ይወስዳል። እ.ኤ.አ. በ1954 ዶክተር ጆሴፍ መሪ በቦስተን የመጀመሪያውን የተሳካ ንቅለ ተከላ ሲያከናውኑ፣ ሰጪውና ተቀባዩ ፍጹም ተመሳሳይ መንትዮች ስለነበሩ ይህ ችግር አልገጠማቸውም። የዛሬው ታማሚ ግን በየጊዜው ጥያቄ ይነሣበታል። ይህን ፍሬ ልብላን? ጉንፋን ሲይዘኝ ምን ልውሰድ? ሐኪሙ ሩቅ ሲሆን በእጁ ያለው ስልክ ቅርብ ነው።

ታዲያ ኢንተርኔት የሚሰጠው መልስ ምን ያህል ያስተማምናል? ታክሮሊመስ የተባለውን መድኃኒት እንመልከት። መድኃኒቱን በአንጀትና በጉበት የሚያፈራርሰው ሲዋይፒ3ኤ4 የሚባል ኢንዛይም ነው። ግሬፕፍሩት የአንጀቱን ኢንዛይም ስለሚያግደው በደም ውስጥ ያለው መድኃኒት መጠን ይጨምራል። መጠኑ ሲበዛ ደግሞ ያንኑ ኩላሊት ይጎዳል። በተቃራኒው፣ ለድብርት የሚወሰደው ሴንት ጆንስ ወርት የተባለ ዕፅ ኢንዛይሙን ያበዛዋል፤ መድኃኒቱም ያንሳል። እ.ኤ.አ. በ2000 ከዙሪክ የወጣ ዘገባ፣ ልብ የተተከለላቸው ሁለት ታማሚዎች ይህን ዕፅ በመውሰዳቸው ሳይክሎስፖሪን የተባለው መድኃኒታቸው መጠኑ ወርዶ ሰውነታቸው የተተከለውን ልብ መቃወም እንደጀመረ ገልጿል።

ከዚህ የምንረዳው፣ ለጤነኛ ሰው እውነት የሆነ ምክር ለንቅለ ተከላ ታማሚ አደጋ ሊሆን እንደሚችል ነው። «ግሬፕፍሩት ለጤና ይጠቅማል ወይ?» ብሎ የሚጠይቅና «ግሬፕፍሩት ከታክሮሊመስ ጋር ይስማማል ወይ?» ብሎ የሚጠይቅ ሰው የሚያገኙት መልስ ይለያያል። መድኃኒቱን በስሙ የማያውቅ ታማሚ ሁለተኛውን ጥያቄ ሊያነሣ አይችልም። ቢያነሣም፣ አብዛኛው አስተማማኝ ጽሑፍ በእንግሊዝኛ የተጻፈ ነው።

በአገራችን በቅዱስ ጳውሎስ ሆስፒታል ሚሌኒየም ሕክምና ኮሌጅ የኩላሊት ንቅለ ተከላ የተጀመረው በ2008 ዓ.ም. ነው። ስለዚህ ጥያቄው የእኛም ነው። ስልክ የመድኃኒት ሰዓት ያስታውሳል፤ ከሐኪምም ጋር ያገናኛል። በደም ውስጥ ያለውን የመድኃኒት መጠን የሚነግረን ግን ላቦራቶሪ ብቻ ነው። ታማሚው ያነበበውን ይዞ ወደ ሐኪሙ ይሂድ እንጂ፣ ባነበበው ተነሥቶ መድኃኒቱን አይቀይር። ሳይንስ የምንማር እኛም ያወቅነውን በአማርኛ አጣርተን ብንጽፍ፣ ወንድም ወይም እኅት ከአካሉ ከፍሎ የሰጠውን ኩላሊት ለመጠበቅ የበኩላችንን አደረግን ማለት ነው።