የምሳው ራፕ ለምን ይረጥባል?

ጠዋት 1 ሰዓት ላይ የጠቀለልኩት የዶሮ ራፕ 6 ሰዓት ላይ ምሳ ዕቃውን ስከፍተው ቂጣው ለብቻው፣ ሰላጣው ለብቻው ሆኖ ጠበቀኝ። ይባስ ብሎ ነጣ ያለ ውሃ ሾልኮ ቦርሳዬ ውስጥ ያለውን ደብዳቤ አርሶታል። ቂጣውን ወቀስኩ። ኋላ ሳስበው ግን ጥፋቱ የእኔ ነበር፤ ኪያሩና ቲማቲሙ ላይ ጨው ነስንሼ ወዲያው ነው የጠቀለልኩት።

ኪያር ከመቶ 95 እጁ ገደማ ውሃ ነው፤ ቲማቲምም ብዙ አያንስም። ጨው ሲነካቸው ውሃው ከውስጥ እየተሳበ ይወጣል። ሳህን ላይ ቢሆን ከሥር ይጠራቀማል፣ ማንም አያማርርም። ራፕ ውስጥ ግን መሄጃ ስለሌለው ቂጣው ይጠጣዋል። መድኃኒቱ ቀላል ነው፤ የሁለቱም ፍሬ ከነውሃው በማንኪያ ተጠርጎ ይወጣል (የቲማቲሙ አይጣል፣ ለስልስ ይሆናል)፤ የቀረው በቀጭኑ ተከትፎ፣ ትንሽ ጨው ተነስንሶበት ወንፊት ላይ 10 ደቂቃ ይቆያል። ከወንፊቱ ሥር የሚጠራቀመውን ስታዩ የደብዳቤዬ ነገር ይገባችኋል።

ዶሮው ላይ ነገሩ ይገለበጣል፤ እዚያ የምንፈልገው ውሃው እንዳይወጣ ነው። የሐበሻ ዶሮ ሥጋው ጠንካራ ስለሆነ ለወጥ ይቀመጥ። ለዚህ የሚሆነው የፈረንጅ ዶሮ ደረት ነው፤ ቆዳው ከወጣ 100 ግራም የበሰለ ሥጋ 31 ግራም ያህል ፕሮቲንና 165 ካሎሪ ገደማ አለው። ስቡ ጥቂት በመሆኑ ግን ምሕረት አያውቅም። እሳት ሲበዛበት የሥጋው ክሮች ተኮማትረው እንደሚጨመቅ ልብስ ውሃቸውን ይተፋሉ።

ሥጋው ለመብላት የሚያሰጋ እንዳይሆን መሃሉ 74 ዲግሪ መድረስ አለበት። አዲስ አበባ ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,300 ሜትር በሚበልጥ ከፍታ ላይ ስላለች ውሃችን የሚፈላው 92 ዲግሪ ገደማ ላይ ነው፤ ያም ይተርፋል። ስለዚህ ማንተክተክ ትርፉ ማድረቅ ነው። እኔ ጨውና ዝንጅብል ባለበት ቀዝቃዛ ውሃ እጥደውና ድስቱ ዳር ዳሩን መንቀጥቀጥ ሲጀምር እሳቱን ቀንሼ 15 ደቂቃ ያህል እተወዋለሁ። ወፍራሙ ቦታ ሲቆረጥ ቀይ ነገር ሊኖረው አይገባም፣ ፈሳሹም ጥርት ማለት አለበት፤ እርግጠኛ የሚያደርገው ግን መሃሉ 74 ዲግሪ መድረሱ ነው። በደንብ ሳይቀዘቅዝ አይጠቀለልም፤ እንፋሎቱም ውሃ ነውና። ከዚያ በእጅ ይበጣጠሳል።

ማዮኔዝ? አንድ የሾርባ ማንኪያው ብቻ ወደ 100 ካሎሪ ይጠጋል። እኔ እርጎ በንጹሕ ጨርቅ አስሬ ፍሪጅ ውስጥ አሳድረዋለሁ፤ አጓቱ ወርዶ ሲያድር ማንኪያ የሚያቆም ይሆናል። ሰናፍጭ፣ ሎሚ፣ ቁንዶ በርበሬና የደቀቀ ቃሪያ ይገባበታል። (ረቡዕና ዓርብ ሽምብራና አቮካዶ የዶሮውንና የእርጎውን ቦታ ይይዛሉ።)

ቂጣው ሲቀዘቅዝ የሚሰነጠቀው ስታርቹ እየጠነከረ ስለሚሄድ ነው፤ ትኩስ መጥበሻ ላይ ግማሽ ደቂቃ ያህል ካረፈ መልሶ ይለሰልሳል። መጀመሪያ የደረቀ የሰላጣ ቅጠል ይነጠፍበታል፣ በቂጣውና በእርጎው መሃል እንደ ዝናብ ልብስ ያገለግላል። በእንጀራ የሚጠቀልሉም አሉ፤ ወዲያው ከተበላ ግሩም ነው። ግን የእንጀራ ዓይን ወጥ እንዲጠጣ የተሠራ ነው፣ እስከ ምሳ ታገሥ ቢሉት አይሰማም።

አንድ ነገር ቀረኝ። ዶሮና እርጎ ከፍሪጅ ውጭ ከሁለት ሰዓት በላይ መቆየት የለባቸውም፣ መሥሪያ ቤቴ ደግሞ ፍሪጅ የለውም። አሁን ማታ ማታ አንድ ኮዳ ውሃ በረዶ አደርግና ጠዋት ከምሳ ዕቃው ጋር አንድ ላይ በፎጣ እጠቀልለዋለሁ። እስከ 6 ሰዓት ግማሹ ይቀልጣል፤ ራፑን በልቼ የቀለጠውን እጠጣበታለሁ።