የመሐል ከተማ መደብር ለምን ይዘጋል?

ብዙዎቻችን አንድ መደብር ሲዘጋ ነጋዴው ስላላወቀበት ይመስለናል። ነገሩ ግን እንዲህ ቀላል አይደለም። ለዚህም አሜሪካ ውስጥ ያለችውን የዲትሮይትን ከተማ እንመልከት (ዓመታቱ ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው)።

ሀድሰንስ የሚባለው መደብር በ1881 ተቋቋመ። እያደገ ሄዶ በመሐል ከተማው ከ20 ፎቅ በላይ ያለው ሕንፃ ሆነ። ልብሱም፣ ጫማውም፣ የቤት ዕቃውም በየፎቁ ተለይቶ ይሸጥበት ነበር።

ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ ግን ሰው መኪና ገዛ፤ አውራ ጎዳና ተዘረጋ፤ ብዙ ቤተሰብ ወደ ከተማው ዳርቻ ወጣ። ሁሉም ግን አልወጣም። በመንግሥት የተደገፈው የቤት ብድር በብዛት ለነጮች ሲሰጥ ጥቁሮች ይነፈጉ ነበር። በ1950 ወደ 1,850,000 የነበረው የከተማው ሕዝብ በ2010 ወደ 714,000 ወረደ።

ታዲያ ሀድሰንስ ምን አደረገ? ገዢውን ተከተለ። በ1954 ሰፊ የመኪና ማቆሚያ ያለውን የኖርዝላንድን የገበያ ማዕከል ከከተማው ውጭ ራሱ ከፈተ። ገዢውም እዚያው ቀረ። የመሐል ከተማው መደብር በ1983 ተዘጋ፤ ሕንፃው በ1998 በፈንጂ ፈረሰ። ኖርዝላንድም ቢሆን አልዳነም፤ በ2015 ተዘጋ። ይህ ሁሉ የጀመረው እኮ የኢንተርኔት ገበያ ከመምጣቱ በፊት ነው!

ጉዳቱ የወደቀው በሻጮቹና መኪና በሌለው ነዋሪ ላይ ነው። በአውቶቡስ መጥቶ ይገዛ የነበረው ሰው የት ይሂድ?

እንግዲህ እኛም ስለ ገበያ ስናስተምር ዋጋና ትርፍ ብቻ አንቁጠር። ሰው የት ይኖራል? በምን ይመጣል? ማንስ ቀረ? ብለን ተማሪዎቻችንን እንጠይቅ።