ያመለጠው ዓሣ

ዛሬ የምናነሳው ብዙዎቻችን እንደ ጥፋት የማንቆጥረውን ነገር ነው፤ ወሬ ማጋነንን።

ከሞጣ ወደ ዓባይ በረሃ ወርዶ መንጠቆ የጣለ ወጣት ሦስት አምባዛ ይዞ ተመለሰ እንበል። ሰፈር ሲደርስ አምስት ይላል። ማታ ቡና ላይ ሰባት ይሆናሉ። ያመለጠው ደግሞ መቼም ከተያዙት ሁሉ ይበልጣል! እንስቃለን፤ ያልፋል። ነገር ግን ነቢያችን (ሰ.ዐ.ወ) ሰው ለማሳቅ ብሎ የሚዋሸውን ሦስት ጊዜ ወዮለት ማለታቸውን አቡ ዳውድና ቲርሚዚ ዘግበዋል።

ታዲያ ማጋነን ሁሉ ውሸት ነውን? አይደለም። ኢማም አል-ገዛሊ ነገሩን ለይተውታል። «መቶ ጊዜ ነገርኩህ» የሚል ሰው ደጋግሞ ነግሮት ከሆነ፣ መቶ ባይሞላም ውሸታም አይባልም፤ አንድ ጊዜ ብቻ ነግሮት ከሆነ ግን ዋሽቷል። ኢማም አን-ነወዊም «አል-አዝካር» ላይ የፋጢማ ቢንት ቀይስን ጉዳይ በማስረጃነት ያነሳሉ። ስለጠየቋት ባሎች ነቢዩን (ሰ.ዐ.ወ) ስታማክር፣ አቡ ጀህም ዱላው ከትከሻው እንደማይወርድ ነገሯት። ሲተኛ እንደሚያስቀምጠው ማንም ያውቃል፤ የተታለለ ሰው የለም። የእኛ ወጣት «ሰባት» ሲል ግን ሰሚው የሚይዘው ሰባትን ነው።

ደግሞ እውነተኛ ትልቅ ዓሣ ሲገኝ እንዴት እንደሚነገር እንይ። ጃቢር ኢብኑ ዐብዲላህ (ረ.ዐ) እንደተረኩትና ቡኻሪና ሙስሊም እንደዘገቡት፣ በአቡ ዑበይዳ (ረ.ዐ) የሚመራ 300 ሰው ያለበት ጦር ስንቁ አልቆ ቅጠል እስከ መብላት ደረሰ። ያኔ ባሕሩ ዐንበር የሚባል ግዙፍ ዓሣ ተፋላቸው። አቡ ዑበይዳ የጎን አጥንቱን አቁመው ግመል የተቀመጠ ሰው ከሥሩ አሳለፉ። ከሥጋውም ተርፎ መዲና ደረሰ፤ ነቢዩም (ሰ.ዐ.ወ) ቀመሱት። አጥንቱ ተለካ፣ ሥጋው ታየ። በልተው የቆዩበት ጊዜ እንኳ በአንዱ ዘገባ ግማሽ ወር፣ በሌላው 18፣ በሌላው አንድ ወር ተብሎ እንዳለ ተጽፏል።

የተጋነነ ወሬ ጉዳቱ ሳቅ ላይ አይቆምም። ጣና ላይ በሞተር ጀልባ የሚደረገው የመረብ ማጥመድ እ.ኤ.አ. በ1986 ከተጀመረ በኋላ፣ በሐይቁ ብቻ የሚገኙት የዓሣ ዝርያዎች እጅግ መመናመናቸውን ተመራማሪዎች አረጋግጠዋል። አጥማጁ ሁሌ ሞልቶ እንደተመለሰ የሚያወራ ከሆነ መጉደሉን ማን ያውቃል?

ከዚህም የሚከብድ አለ። በታኅሣሥ 2012 በከተማችን በሞጣ መስጊዶችና የሙስሊሞች ሱቆች ተቃጥለዋል። ይህን ስንናገር አንድ ያልተቃጠለ ሱቅ ብንጨምር፣ የሚያስተባብለን ሰው ያችን አንዷን ይዞ የእውነት የተቃጠለውን ሁሉ ሐሰት ያደርግብናል። የተበደለ ሰው ከማንም በላይ ቁጥሩን መጠበቅ አለበት።

ልጄ ሲያጋንን በሰው ፊት ላርመው ወይ? የሚል ወላጅ ይኖራል። አናሳፍረው። ለብቻው ስንሆን «እስኪ አንድ በአንድ ንገረኝ፤ የመጀመሪያውን የት ያዝከው?» እንበለው። ሦስተኛው ላይ ሲደርስ ይቆማል።