ጣታችሁን ከሚዞር ሲሊንደር ውስጥ አውጡ

ከትናንት ጀምሮ አንድ ቪዲዮ ያልደረሰው የተለማማጅ ስልክ የለም። ቪዲዮው ላይ ያለው ልጅ የስተርሊንግ ሞተር ሞዴል ይሠራል፤ ሐሳቡ ጥሩ ነው፣ እጁም አይከፋም። መሐል ላይ ግን ጓንት ያጠልቅና ብርጭቆ ወረቀት በጣቱ ጠቅልሎ፣ ቶርኖው እየዞረ፣ ሲሊንደሩ ውስጥ ይከተዋል። ምክርም ያክልበታል፦ «ፒስተኑን አጥብቃችሁ ሥሩት፣ ሲሠራ ራሱ ይላላል።» ዛሬ እኛ ጋ ያለ አንድ ልጅ ያንኑ ሊሞክር ሲል ማሽኑን ሮጬ ያጠፋሁት እኔ ነኝ። ስለዚህ ምሳ ይቆየኝ።

1. ጓንትና ቶርኖ አይገናኙም። ጨርቁ ከተያዘ ጣትም ይከተላል፣ እጅም ይከተላል። በዚህ ላይ ክርክር አልቀበልም።

2. ብርጭቆ ወረቀት ቀዳዳ ያብለጨልጫል እንጂ አያስተካክልም። የነበረውን ጠማማ ቅርጽ ተከትሎ ይሄዳል፣ አፉ ላይ ደግሞ አብልጦ ይበላል፤ መጨረሻ ላይ መለከት የመሰለ ሲሊንደር ይዛችሁ ትቀራላችሁ። ፑንታ የበሳው ቀዳዳ ከፑንታው ይሰፋል፣ ክብነቱም አያስተማምንም። ስለዚህ አሳንሳችሁ ብሱ፣ በውስጥ መቁረጫ ቀስ እያላችሁ አስፉ፣ ከዚያ በመፍጫ ዱቄት ላፕ አድርጉ። ላፑ ከሲሊንደሩ የለሰለሰ መሆን አለበት፤ ለጊዛ ሲሊንደር መዳብ ወይም አሉሚኒየም ይሆናል። መፍጫው ዱቄት ለስላሳው ላይ ተተክሎ ጠንካራውን ይበላል። ስትጨርሱ በነጭ ጋዝ እጠቡት፤ የቀረ ዱቄት ፒስተኑን መብላቱን ይቀጥላል።

3. «አጥብቃችሁ ሥሩት።» ይህን ያለ ሰው ሞተሩን አያውቀውም። ሮበርት ስተርሊንግ የተባለው የስኮትላንድ ቄስ በ1816 እ.ኤ.አ. ፓተንት ያወጣለት ይህ ሞተር ውስጡ የታሸገ አየር ሲሞቅና ሲቀዘቅዝ ነው የሚሠራው። ፍንዳታ የለበትም። በጠረጴዛ ላይ ሞዴል የሚገኘው ግፊት በጣም ትንሽ ስለሆነ ፒስተኑ ከጠበቀ ያቺው ግፊት ሰበቃ ስትታገል ታልቃለች፤ ሞተሩ አንዴ እንኳ ስላልዞረ የሚላላበት ዕድል የለም። ወፍራም ዘይት ማፍሰስም ያው ነው፣ ይጎትታል።

ሙቀቱን ደግሞ አስቡት። አሉሚኒየም ለእያንዳንዱ ዲግሪ በሜትር 23 ማይክሮን ገደማ ይለጠጣል፣ ጊዛ 11 ገደማ። 20 ሚሜ የአሉሚኒየም ፒስተን ጊዛ ሲሊንደር ውስጥ ይዛችሁ ሁለቱም በ100 ዲግሪ ቢሞቁ ልዩነቱ 0.024 ሚሜ ይሆናል። 0.01 ብቻ ከተዋችሁ ሳይሞቅ በነፃነት ይሄድና ሲሞቅ ይነክሳል። ጊዛ በጊዛ ሥሩት፤ አብረው ይለጠጣሉ፣ በውስጡ ያለው ግራፋይትም ለሰበቃው ይረዳል።

አሁን ወደሚያናድደኝ ልምጣ። እኛ ጋ ያለው ልጅ ከሚማርበት ኮሌጅ ይዞት የመጣው ስዕል ሲሊንደሩን ዲያሜትር 20 ይላል። ፒስተኑንም 20 ይላል። ማህተም አለው፣ ፊርማ አለው፣ ቶለራንስ የለውም! 20 በ20 ምን ማለት ነው? ልጁ ትእዛዙን አክብሮ ቢሠራ በመዶሻ ነው የሚገባለት። ስዕሉን የሰጡት ሰው 20 ኤች7 ብለው ቢጽፉ ኖሮ ቀዳዳው ከ20.000 እስከ 20.021 መሆኑን ያውቅ ነበር፤ ጂ6 ቢሉት ደግሞ ፒስተኑ ከ19.980 እስከ 19.993። ያም ቢሆን ቀዳዳው ትልቁ ላይ፣ ፒስተኑ ትንሹ ላይ ከወደቁ ክፍተቱ 0.041 ይደርሳል፣ ለዚህ ሞተር ያፈሳል። ሲሊንደሩን ጨርሳችሁ ለኩ፣ ፒስተኑን ለእሱ ብቻ ሥሩለት።

በምን ይለካ? ልጁ የያዘው ዲጂታል ካሊፐር ነው። ስክሪኑ 0.01 ስላሳየ 0.01 ይለካል ማለት አይደለም፤ ስሕተቱ ብዙ ጊዜ 0.02 ገደማ ነው፣ ትናንሽ ቀዳዳ ላይ ደግሞ የውስጥ ጥርሱ ጠፍጣፋ ስለሆነ አሳንሶ ያነባል። ኮሌጁ ማይክሮሜትር የለውም እንዳትሉ። አለው፤ ቁም ሳጥን ውስጥ፣ በሳጥኑ እንደተዘጋ፣ ቁልፉ ንብረት ክፍል፣ ሞዴል 22 የሚፈርሙት ሰውዬ ስብሰባ ላይ። ግድግዳው ላይ የካይዘን ፖስተር አለ። ምዘና ሲመጣ ቶርኖው ቀለም ይቀባል። ልጆቹ የተመረቁበትን ሙያ እኛ ጋ ሀ ብለው ሲጀምሩ ደግሞ «ኢንዱስትሪው አይተባበርም» ተብሎ ሪፖርት ይጻፋል።

4 ይሁን 5... ያረጀ ማንድሪን አትመኑ። የሲሊንደሩን ውስጥና የፊት ገጹን ከማንድሪኑ ሳታወጡ ጨርሱ። አውጥታችሁ መልሳችሁ ካሰራችሁት ማዕከሉ ይሸሻል፤ ያኔ ሲሊንደሩ ለኮሎው ቀጥ ብሎ አይቆምም፣ ፒስተኑም በአንድ ጎኑ ይፋቃል።

ሥራችሁን መፈተን ከፈለጋችሁ ዘይት አትቀቡ። አጥባችሁ አድርቁ፣ የሲሊንደሩን ታችኛ አፍ በመዳፍ ዝጉ፣ ፒስተኑን ከላይ ልቀቁት። በአየሩ ላይ ተንሳፎ ቀስ እያለ መውረድ አለበት። መዳፋችሁን ስታነሱ ወዲያው ዱብ ይበል። ተዘግቶም ዱብ ካለ ያፈሳል፣ ተከፍቶም ከቆመ ጠብቋል።

ጥያቄ ያላችሁ ስዕሉን በውስጥ መስመር ላኩ። ቶለራንስ የሌለበትን አላይም።