ፊቱ በገንዘብ ላይ የታተመ አባት

ሐዘን ዕድሜ አይመርጥም፤ አኳኋኑ ግን እንደ ዕድሜው ይለያያል። ትልቅ ሰው ሲሞትበት አልቅሶ፣ ወዳጅ ዘመድ አጽናንቶት፣ ሠልስቱና አርባው ሲወጣ ወደ ሥራው ይመለሳል። ሕፃን ደግሞ ነገሩን በቅጡ ሳይረዳው ያድጋል። በሁለቱ መካከል ያለው የዐሥራ አምስትና የዐሥራ ስድስት ዓመት ልጅ ግን ሞትን እንደ ትልቅ ሰው እያወቀ፣ እንደ ሕፃን ዝም በል ይባላል። ስለዚህም ብዙ ጊዜ ሐዘኑን በሐሳቡ በፈጠረው ዓለም ውስጥ ይሰውረዋል።

ይህንን ጠባይ አጥርተው ካሳዩት በሥዕል የተተረኩ ልብ ወለዶች አንዱ፣ ጆ ኬሊ ጽፎት ኬን ኒሙራ የሣለው፣ በ2008 እና በ2009 (ዘመኑ ሁሉ በፈረንጅ አቈጣጠር ነው) በአሜሪካ የታተመው «አይ ኪል ጃያንትስ» ነው፤ ትርጓሜውም «ግዙፋንን እገድላለሁ» ማለት ነው። ባርባራ የተባለችው ልጅ ግዙፋን ፍጥረቶችን አሳድዳለሁ ትላለች። የምትሸሸው ግን እናትዋን የያዛት የሞት ሕመም መሆኑን አንባቢው ወደ መጨረሻው ይረዳል።

በጁባ ከተማ የሆነው የዚህ ተቃራኒ ነው። በዚያ ግዙፍ የተደረገው ሟቹ ራሱ ነው። ዶክተር ጆን ጋራንግ ከ1983 ጀምሮ የደቡብን ጦር ሲመሩ ኖረው፣ ጃኑዋሪ 9 ቀን 2005 በናይሮቢ የሰላሙን ውል ፈረሙ፤ ጁላይ 9 ቀን በካርቱም የሱዳን አንደኛ ምክትል ፕሬዚዳንት ለመሆን ቃለ መሐላ ፈጸሙ። ከ21 ቀን በኋላ ከኡጋንዳ ሲመለሱ የተሳፈሩበት ሄሊኮፕተር ተከስክሶ ሞቱ፤ ኦገስት 6 ቀንም በጁባ ተቀበሩ። ደቡብ ሱዳን ጁላይ 9 ቀን 2011 ነፃ ስትሆን በዓሉ የተከበረው በመቃብራቸው ስፍራ ነበረ። በዚያው ወር የወጣው የአዲሱ ፓውንድ ኖትም የርሳቸውን መልክ ይዞ ታተመ። በኮንዮ ኮንዮ ገበያ የምትቸረችር ሴትም ሆነች በከተማው ሆቴል የከፈተ ኢትዮጵያዊ ወይም ኤርትራዊ ነጋዴ ይህንኑ ፊት ቀን በቀን ሲቈጥር ይውላል።

አባታቸው ሲሞቱ አኩዎል ደ ማቢዮር የ16 ዓመት ልጅ ነበሩ። በኩባ ተወልደው በኬንያ ያደጉት አኩዎል ሐዘናቸውን የገለጹት በሥዕል መጽሐፍ ሳይሆን በፊልም ነው። «ኖ ሲምፕል ዌይ ሆም»፣ ይኸውም «ወደ ቤት የሚወስድ ቀላል መንገድ የለም» የተባለው ይህ ሥራ በ2022 በበርሊን የፊልም በዓል ታየ። በውስጡም አኩዎል በራሳቸው ድምፅ እየተረኩ፣ በፌብሩዋሪ 2020 ከምክትል ፕሬዚዳንቶቹ አንዷ የሆኑትን እናታቸውን ወይዘሮ ርብቃ ኛንዴንግንና እኅታቸውን ይከተላሉ። አገር ሁሉ አባቴና እናቴ የሚላቸውን ሰዎች ለራስ አባትና እናት አድርጎ ማግኘት እንዴት ያለ ችግር እንደ ሆነ ፊልሙ ያሳያል።

ችግሩ የአንድ ቤተ ሰብ ብቻ አይደለም። በዲሴምበር 2013 በጁባ የተነሣው ጦርነት የነፃነቱን ተስፋ ሰበረ። የፓውንዱም ዋጋ አብሮ ወደቀ፤ በመንግሥት ምንዛሪ በ3 ፓውንድ ገደማ ይገኝ የነበረው ዶላር በዲሴምበር 2015 ከ18 ፓውንድ በላይ ሆነ። በኖቱ ላይ ያለው ፊት ግን አልተለወጠም። ስለዚህ የአገሪቱ ወጣት የሚያዝነው ለሞተው ሰው ብቻ ሳይሆን በስሙ ለተገባውም ተስፋ ነው። በጦርነቱ አባቱን ያጣው የጁባ ልጅ ደግሞ በገንዘብ ላይ የታተመ መልክ ቀርቶ፣ የሚያለቅስበት መቃብር እንኳ ላያገኝ ይችላል።

መንግሥት ለሟች ሐውልት ማቆሙ ተገቢ ነው። ሆኖም ሐውልት ለልጅ ጥያቄ አይመልስም። አስተዳዳሪም ሆነ አስተማሪ፣ ወላጅም ሆነ ዘመድ፣ ለዐሥራ ስድስት ዓመቱ ሐዘንተኛ ሊያደርገው የሚችለው ትልቁ ነገር ልጁ ስለ ሟቹ፣ ስለ ጥሩውም ስለ ጕድለቱም፣ ሳይፈራ እንዲጠይቅ መፍቀድ ነው።