ከ13ቱ የብሬሶን ፊልሞች የትኛው ይበልጣል?

ሮቤር ብሬሶን የተባለው ፈረንሳዊ የፊልም ዳይሬክተር በ1901 ተወልዶ በ1999 ሲሞት ትቶልን የሄደው ሙሉ ርዝመት ያለው ፊልም 13 ብቻ ነው፡፡ የመጀመሪያው በ1943፣ የመጨረሻው በ1983 ለዕይታ በቃ፡፡ (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመቶች ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው፡፡) በ40 ዓመት 13 ፊልም! አብዛኞቹ ደግሞ አጫጭር ናቸው፤ ሰዓት ከሩብ፣ ሰዓት ተኩል፡፡ ስለዚህ «የትኛው ይበልጣል?» የሚለው ጥያቄ በብሬሶን ላይ ሲነሳ መልስ ሊገኝለት ይችላል፡፡ ሁሉንም አይቶ መጨረስ ይቻላላ!

የፊልም ሐያስያን አብዛኛውን ጊዜ ከፊት የሚያስቀምጡት በ1966 የወጣውንና የአንድ አህያን ሕይወት የሚተርከውን «ባልታዛር»ን ነው፡፡ የእንግሊዙ «ሳይት ኤንድ ሳውንድ» መጽሔት በየ10 ዓመቱ በሚያሰባስበው የሐያስያን ድምፅ ይኸው ፊልም ከዓለም ፊልሞች ሁሉ በ2012 16ኛ፣ በ2022 ደግሞ 25ኛ ሆኗል፡፡ እኔ ግን አንደኛነቱን ለሌላ እሰጣለሁ፡፡ ፊልሙን ንቄው አይደለም፤ መለኪያዬ ስለሚለይ ነው፡፡

መለኪያውን ለማስረዳት ስለ ሰውየው አሠራር ጥቂት ማለት ያስፈልጋል፡፡ ብሬሶን ፊልም ከመሥራቱ በፊት ሠዓሊ ነበር፡፡ ከ1951 ወዲህ በሠራቸው ፊልሞች ታዋቂ ተዋናይ አላሠራም፡፡ ከመንገድ፣ ከትምህርት ቤት፣ ከወዳጅ ቤት ትወና የማያውቁ ሰዎችን እየመረጠ «ሞዴል» ይላቸው ነበር፡፡ አንዱን ዓረፍተ ነገር ደጋግሞ ያስብላቸዋል፤ ድምፃቸው ውስጥ ያለው «ትወና» ተሟጦ እስኪያልቅ ድረስ፡፡ የሚቀረው ደረቅ ንግግር፣ የእጅ እንቅስቃሴ፣ የበር መከፈትና መዘጋት፣ የእግር ኮቴ ነው፡፡ ለመጀመሪያ ጊዜ የሚያየው ሰው «እነዚህ ሰዎች ምን ነካቸው? ስሜት የላቸውም እንዴ?» ማለቱ አይቀርም፡፡

የወንጀል ሕግ ለተማረ ሰው ግን ነገሩ እንግዳ አይደለም፡፡ ወንጀል ተፈጸመ ለማለት ከሕጉ ድንጋጌ ሌላ ግዙፋዊና ሞራላዊ ፍሬ ነገር መሟላት እንዳለበት ገና በጠዋቱ ይነገረናል፡፡ አንደኛው እጅ የሠራው፣ ሁለተኛው ልብ ያሰበው ነው፡፡ የእጁ ሥራ በምስክርና በኤግዚቢት ይረጋገጣል፡፡ የልቡን ሐሳብ ግን ማንም አይቶት አያውቅም፤ ዳኛው ከሥራው ተነስቶ ይገምተዋል እንጂ፡፡ ብሬሶንም የሚያሳየን እጅን ብቻ ነው፡፡ ልብን እንድንገምት እኛን ዳኛ ወንበር ላይ አስቀምጦ ይሄዳል፡፡ ሌላው ዳይሬክተር በእንባና በሙዚቃ ፍርዱን ራሱ ጽፎ ይሰጠናል፤ እኛ መፈረም ብቻ ነው የሚቀረን፡፡ እንግዲህ መለኪያዬ ይህ ነው፤ ፊልሙ ካለቀ በኋላ ፍርድ ለመስጠት ይበልጥ ያስቸገረኝ ፊልም ይበልጣል፡፡

በዚህ ሚዛን የሚወድቁትን በአጭሩ ላሳልፋቸው፡፡ የ1943ቱና የ1945ቱ ፊልሞች በባለሙያ ተዋንያን የተሠሩ ናቸው፡፡ በተለይ ለሁለተኛው፣ ለ«የቡዋ ደ ቡሎኝ ወይዛዝርት»፣ ቃለ ተውኔቱን የጻፈው ዣን ኮክቶ ነው፡፡ ያማሩ ፊልሞች ናቸው፤ ነገር ግን ብሬሶን ገና ብሬሶን አልሆነም፡፡ ከዶስቶየቭስኪ የወሰዳቸው የ1969ና የ1971 ሥራዎቹ፣ የ1974ቱ «ላንስሎ»፣ በፈረንሳይ ከ18 ዓመት በታች እንዳይታይ ተከልክሎ የነበረው የ1977ቱ «ምናልባት ሰይጣን» እያንዳንዳቸው የሚወዳቸው አላቸው፡፡ እኔ ከመካከለኛው ረድፍ አላሳልፋቸውም፡፡ የጆርጅ በርናኖስን ልብ ወለድ መሠረት ያደረገው «ሙሼት» (1967) ልብ ይሰብራል፡፡ ችግሩ ልጅቷ ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ተበዳይ መሆኗ ነው፤ ዳኛው የሚያመነታበት ምክንያት የለም፡፡ ሰባተኛ፡፡

ስድስተኛ ያደረግሁት «የገጠር ቄስ ማስታወሻ» (1951) ላይ ብዙ ሰው ይቆጣኛል፡፡ አሜሪካዊው ፖል ሽሬደር በ1972 ባሳተመው መጽሐፍ ብሬሶንን ከኦዙና ከድራየር ጎን አስቀምጦ የጻፈ፣ በኋላም በ2017 በሠራው ፊልም የዚህን ቄስ ታሪክ ወደ ኒውዮርክ ግዛት ያመጣ ሰው ነው፡፡ ታላቅነቱን አልክድም፡፡ ይሁንና ቄሱ ማስታወሻውን ራሱ እየጻፈና እያነበበ የልቡን ይነግረናል፡፡ ተከሳሹ ሁሉንም ከተናዘዘ ዳኛው ምን ሥራ ይቀረዋል?

አምስተኛው «የዣን ዳርክ የፍርድ ሂደት» (1962) ነው፡፡ ለሕግ ሰው ከዚህ የሚጣፍጥ ፊልም ማግኘት ይቸግራል፡፡ በ1431 ሩዋን ከተማ ላይ በጳጳስ ኮሾን ሰብሳቢነት የተካሄደው ምርመራ በጽሑፍ ተይዟል፤ ከዓመታት በኋላ ፍርዱን ለመሻር የተካሄደውና በ1456 የተጠናቀቀው ሂደትም እንዲሁ፡፡ ብሬሶን ሁለቱን መዝገቦች ይዞ ጥያቄና መልሱን በሰዓት ከአምስት ደቂቃ ገደማ ጨምቆ አቀረበው፡፡ የ19 ዓመት ልጅ፣ ጠበቃ የሌላት፣ መጻፍና ማንበብ የማትችል፣ በሊቃውንት ተከባ ወጥመድ ለሆነ ጥያቄ ሁሉ ስትመልስ እናያለን፡፡ ዣንን ሆና የሠራችው ፍሎራንስ ድሌ በኋላ ደራሲ ሆና በ2000 የፈረንሳይ አካዳሚ አባልነት የተመረጠች ናት፡፡ ብሬሶን ድራየር በ1928 ስለዚህችው ዣን በሠራው ዝነኛ ፊልም ውስጥ ያለውን የፊት ትወና አጥብቆ ይጠላ ነበር፤ በእሱ ፊልም ዣን የምታሸንፈው በቃል ነው፡፡ ለምን አምስተኛ ሆነ? ፍርዱ የተሻረው ከ500 ዓመት በፊት ነዋ! ተመልካቹ የሚጨምርበት የለም፡፡

በ«ኪስ አውላቂ» (1959) ነገሩ ይከርራል፡፡ ሚሼል የተማረ፣ ሥራ የጠላ ወጣት ነው፡፡ በሎንሻን የፈረስ እሽቅድምድም ሜዳ ከአንዲት ሴት ቦርሳ ገንዘብ ይሰርቃል፤ ወዲያው ይያዛል፤ ማስረጃ ጠፍቶ ይለቀቃል፡፡ ከዚያ ከፖሊስ መርማሪው ጋር ቡና ቤት ተቀምጦ የላቀ ችሎታ ያላቸው ሰዎች ሕግን ቢጥሱ ምን አለበት እያለ ይከራከራል፡፡ የዶስቶየቭስኪ «ወንጀልና ቅጣት» ጥላ እንዳረፈበት ለማንም ግልጽ ነው፡፡ በጋር ደ ሊዮን ባቡር ጣቢያ ሦስት ሌቦች ተቀባብለው የሚሠሩት ስርቆት፣ ቦርሳው ከብብት ወደ እጅ፣ ከእጅ ወደ ኮት፣ ከኮት ወደ ጋዜጣ ሲተላለፍ፣ እውነቱን ለመናገር ያስቀናል፡፡ ሥልቱን ያስተማራቸው ካሳጊ የሚባል የእጅ ቅልጥፍና ባለሙያ ሲሆን እሱም በፊልሙ ውስጥ ከሌቦቹ አንዱ ሆኖ ይታያል፡፡ እኔን ግን ይበልጥ የያዘኝ ሌላ ነገር ነው፤ የሚሼል እናት ገንዘብ ተሰረቅሁ ብላ ለፖሊስ ታመለክትና በማግስቱ ክሷን ታነሳለች፡፡ ሌባው ማን እንደሆነ ገብቷታል፡፡ ይህን የምንሰማው በሁለት ዓረፍተ ነገር ነው፤ እናቲቱ ስታለቅስ አናይም፡፡

ወደ አህያው እንመለስ፡፡ በአማርኛ «አህያውን ፈርቶ ዳውላውን» እንላለን፡፡ በብሬሶን አገር ነገሩ የተገላቢጦሽ ነው፤ ሰዎች እርስ በርስ የሚፈራሩትን፣ የሚጠላሉትን፣ የሚያፍሩበትን ሁሉ የሚያወርዱት በአህያው ጀርባ ላይ ነው፡፡ ባልታዛር ውርንጭላ ሳለ ልጆች ያጠምቁታል፤ ከዚያ ከእጅ ወደ እጅ ይዞራል፡፡ ዳቦ ያመላልሳል፣ ሰርከስ ገብቶ ቁጥር ያባዛል፣ ስስታም የእህል ነጋዴ ወፍጮ ያዞርበታል፡፡ መጨረሻ ላይ ዤራር የተባለው ዱርዬ የኮንትሮባንድ ዕቃ ጭኖበት ድንበር ሲያሻግር ጉምሮች ይተኩሳሉ፤ አህያው ቆስሎ ተራራ ላይ በበግ መንጋ መሐል ይሞታል፡፡ በጎቹ አንገት ላይ ያለው ቃጭል እስካሁን ጆሮዬ ውስጥ አለ፡፡ ስለ ማሪ አባት ብዙ ሰው አያወራም፤ የሰው ገንዘብ በላ ተብሎ በሐሜት ሲከሰስ ደረሰኞቹን አውጥቶ ማሳየት ሲችል በኩራት እምቢ ይላል፡፡ ንጹሕ ሰው የማስረዳት ግዴታ የለበትም፣ በሕጉ ልክ ነው፡፡ ግን ቤተሰቡን አብሮ ያሰጥማል፡፡ ይህን ሰው ጥፋተኛ ልበለው? ሦስተኛ ያደረግሁት አህያው ራሱ ከማንኛውም ክስ ነጻ ስለሆነ ነው፤ ፍጹም ንጹሕ ሲሞት ማልቀስ ከባድ አይደለም፡፡

«ሞት የተፈረደበት አመለጠ» (1956) ታሪኩ የሆነ ነው፡፡ አንድሬ ዴቪኚ የተባለ የፈረንሳይ መኮንን በነሐሴ 1943 ሊዮን ከተማ ከሚገኘው፣ ጀርመኖች ይገለገሉበት ከነበረው ሞንሉክ እስር ቤት ከመረሸኑ ጥቂት ቀደም ብሎ አምልጦ ታሪኩን ጻፈው፡፡ ብሬሶንም በጦርነቱ ጊዜ በጀርመኖች ተማርኮ ታስሮ ስለነበር የበር መቀርቀሪያ ድምፅ ከመጽሐፍ አልተማረውም፡፡ ፊልሙን በከፊል እዚያው ሞንሉክ ውስጥ፣ ባለታሪኩን አማካሪ አድርጎ ሠራው፡፡ መጨረሻው ርዕሱ ላይ ተጽፏል፤ ግን ትንፋሽ ያሳጥራል፡፡ ፎንቴን የማንኪያ እጀታ ስሎ የበሩን ጣውላ በየቀኑ ጥቂት ጥቂት ይፍቃል፤ ከአልጋው ሽቦና ከጨርቅ ገመድ ይገምዳል፡፡ ኦርሲኒ የተባለው ጎረቤቱ ቀድሞ ሊያመልጥ ሞክሮ ይያዛል፤ ከመረሸኑ በፊት ግን የግድግዳው ጠርዝ ሜንጦ እንደሚፈልግ ለፎንቴን ይነግረዋል፡፡ አንዱ ሰው ካልወደቀ ሌላው አያልፍም ነበር፡፡

የፊልሙ እምብርት ግን ከዚያ ቀጥሎ ይመጣል፡፡ ሁሉ ከተዘጋጀ በኋላ ዦስት የሚባል ገና ልጅ የሆነ እስረኛ ክፍሉ ውስጥ ይጨመርበታል፡፡ ልብሱ ግማሹ የጀርመን፣ ግማሹ የፈረንሳይ፡፡ ሰላይ ይሁን ምስኪን አይታወቅም፡፡ ፎንቴን ሁለት ምርጫ አለው፤ ልጁን መግደል ወይም አምኖ ይዞት መሄድ፡፡ ጊዜ የለም፣ ምስክር የለም፣ ማስረጃ የለም፡፡ እኔ በዳኝነት ሥራ ላይ ያሉ ወዳጆቼን ይህን ፊልም እዩት እያልኩ የምጨቀጭቃቸው ለዚህች ክፍል ስል ነው፡፡ እዚህም እንደ «የገጠር ቄስ» ባለታሪኩ ይተርካል፤ የሚተርከው ግን የሠራውን ነው እንጂ የተሰማውን አይደለም፡፡

አንደኛ ያደረግሁት የመጨረሻውን ነው፤ «ገንዘብ»፣ በፈረንሳይኛው «ላርዣን» (1983)፡፡ መነሻው የቶልስቶይ አንድ ረዘም ያለ ታሪክ ነው፡፡ ኖርቤር የተባለ የሀብታም ልጅ ከጓደኛው ጋር ሆኖ ሐሰተኛ የ500 ፍራንክ ኖት ፎቶግራፍ ቤት ውስጥ ይዘረዝራል፡፡ የሱቁ ባለቤቶች ሲያውቁ ኪሳራውን ለመሸሽ የነዳጅ ዘይት ለሚያመላልሰው ሠራተኛ ለኢቮን ይከፍሉታል፡፡ ኢቮን ምግብ ቤት ሊከፍልበት ሲል ይያዛል፡፡ ገንዘቡን ከየት እንዳገኘ ይናገራል፤ ፖሊስ ወደ ሱቁ ይወስደዋል፤ የሱቁ ተቀጣሪ ሉሲየን «ይህን ሰው አላውቀውም» ይላል፡፡

እዚህ ላይ ቆም ማለት ያስፈልጋል፡፡ ፍርድ ቤቱ በቀረበለት ማስረጃ ነው የሠራው፡፡ ዳኛው ጉቦ አልበላም፣ ኢቮንንም እስር ቤት አልላከውም፤ ገሥጾ ነው የለቀቀው፡፡ በሥነ ሥርዓት ረገድ ይግባኝ የሚያስብል ነገር አላገኘሁበትም፡፡ ነገር ግን ኢቮን በሰው ፊት ውሸታም ሆኖ ወጣ፡፡ ሥራውን አጣ፡፡ ሚስትና ትንሽ ልጅ አለችው፡፡ የባንክ ዘራፊዎችን መኪና ሊነዳ ሄዶ ይያዝና ሦስት ዓመት ይፈረድበታል፤ እስር ቤት ሳለ ልጁ ትሞታለች፣ ሚስቱ ትተወዋለች፡፡ ሲፈታ ገዳይ ሆኖ ይፈታል፡፡ የመጨረሻዎቹ ተገዳዮች አንዲት ደግ ባልቴትና ቤተሰቧ ናቸው፤ ያስጠጋችውና ያበላችው እሷ ነበረች፡፡ ግድያውን ብሬሶን እንዴት እንዳሳየው አልናገርም፤ ውሻው ከክፍል ወደ ክፍል ሲሮጥ ብቻ ልብ በሉ፡፡

በሌላ በኩል የኖርቤር እናት ለሱቁ ባለቤት ሚስት ገንዘብ አስጨብጣ የልጇን ስም አስጠብቃለች፡፡ በሐሰት የመሰከረው ሉሲየንም ከአሠሪዎቹ የተማረውን ሙያ መልሶ በእነሱው ላይ ይሠራበታል፤ ይሰርቃቸዋል፣ በኋላም ከዘረፈው ለድሆች ይሰጣል፡፡ ቶልስቶይ በታሪኩ ሁለተኛ ክፍል ክፋቱ በደግነት ሲመለስ ያሳያል፡፡ ብሬሶን ያንን ክፍል ትቶታል፡፡ ኢቮን ቡና ቤት ገብቶ ለፖሊሶች እጁን ይሰጣል፣ ይወስዱታል፣ ፊልሙ ያልቃል፡፡

ኢቮንን በነፍስ ግድያ አለመቅጣት አይቻልም፡፡ ከዚያ በኋላስ? የመዝገቡ ተከሳሾች ስንት ናቸው? «አላውቀውም» ያለው ምስክር ያዋሰው አንድ ቃል እንጂ መጥረቢያ አልነበረም፤ ሕጉም ከዚያ ቃል እስከ መጥረቢያው ያለውን መንገድ በምክንያትና ውጤት ሰንሰለት ሊያያይዘው አይችልም፣ ሊያያይዘውም አይገባም፡፡ እንዲህም ሆኖ ሰንሰለቱን በዓይናችን አይተነዋል፤ ብሬሶን አንዲትም ቀለበት አልዘለለም፡፡ ይህን ፊልም ሦስት ጊዜ አይቼ ሦስት የተለያየ ፍርድ ሰጥቻለሁ፡፡

በ1983 የካን ፌስቲቫል ፊልሙ ከታርኮቭስኪ «ናፍቆት» ጋር እኩል ሽልማት ሲሰጠው አዳራሹ ውስጥ ከጭብጨባው ጋር የተቃውሞ ጩኸትም ተሰምቷል፡፡ ብሬሶን 81 ዓመቱ ነበር፡፡ ከዚያ በኋላ 16 ዓመት ቢኖርም ሌላ ፊልም አልሠራም፡፡

ብሬሶንን አይታችሁ የማታውቁ ከአንደኛው አትጀምሩ፤ ያስደነግጣችሁና ትተዉታላችሁ፡፡ ከ«ሞት የተፈረደበት አመለጠ» ጀምሩ፡፡ ሰዓት ከአርባ ገደማ ነው፡፡ ድምፁን ከፍ አድርጉት፣ ሞባይላችሁንም አጥፉት፤ ግማሹ ፊልም ያለው በኮሪደሩ የእግር ኮቴ ውስጥ ነው፡፡