ጉቦ ሰጪውስ?

ስለ ጉቦ በተነገረ ቍጥር የሚወቀሰው ተቀባዩ ሹም ነው። ገንዘቡን ባሕር አሻግሮ የላከው የኩባንያ አለቃ ግን እምብዛም አይነሣም።

የአሜሪካው አውሮፕላን ሠሪ ሎክሂድ ለጃፓን ባለሥልጣኖች ገንዘብ መክፈሉ በ1976 እ.ኤ.አ. በአሜሪካ ሴኔት ፊት ተገለጠ። የቀድሞው ጠቅላይ ሚኒስትር ካኩኤይ ታናካ 500 ሚሊዮን የን ተቀብለዋል ተብለው በ1983 የአራት ዓመት እስራት ተፈረደባቸው። ክፍያውን ያመኑት የኩባንያው መሪ ካርል ኮችያን ግን ሥራቸውን ከመልቀቅ በቀር ወኅኒ አልገቡም፤ የውጭ አገር ሹምን በጉቦ መግዛትን በቀጥታ የሚከለክል ሕግ በአገራቸው ገና አልነበረምና። (በጀርመንማ እስከ 1999 ድረስ እንዲህ ያለው ገንዘብ እንደ ንግድ ወጪ ከግብር ይቀነስ ነበር።)

በ1977 የወጣው የአሜሪካ ሕግ በሥራ መሪው ላይ እስከ አምስት ዓመት እስራት ደነገገ። እኔን ይበልጥ ደስ ያሰኘኝ ግን ሌላው አንቀጽ ነው፤ በመሪው ላይ የተፈረደውን የገንዘብ መቀጫ ኩባንያው እንዳይከፍልለት ይከለክላል። መቀጫው ከኩባንያው ካዝና ቢወጣ የሚጐዱት ባለአክሲዮኖች ናቸው፤ ጥፋተኛው ከደመወዙ አንዲት ሳንቲም አትጐድልበትም።

ጉቦው ብዙ ጊዜ የሚያልፈው በደላላ እጅ ስለ ሆነ፣ አለቃው «አላወቅሁም» ይላል። ሕጉ ግን ገንዘቡ ለሹም እንደሚደርስ እየጠረጠረ ሆን ብሎ ዓይኑን የጨፈነውንም እንዳወቀ ይቈጥረዋል።